«እስኪበስል» ስንት ደቂቃ ነው? ለቤት ማዕድ የሚጻፉ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ስልቶች ሲነጻጸሩ

መግቢያ

በእጅ የሚሠራ ዕውቀት በጽሑፍ ሲተላለፍ ምን ይተርፋል? ምንስ ይቀራል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከምግብ አሠራር መጻሕፍት የተሻለ መስክ ማግኘት ያዳግታል። አንባቢው ያነበበውን በዚያው ዕለት በእጁ ይፈትነዋል፤ ጸሐፊው የዘለለውን ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ በማዕድ ላይ ይቀምሰዋል። ሆኖም ዘርፉ ብዙውን ጊዜ ከመዝናኛ ጽሑፍ ተርታ ስለሚመደብ፣ የአጻጻፍ ስልቱ ራሱን ችሎ ሲጠና እምብዛም አይታይም።

ይህ ቸልታ ዋጋ ያስከፍላል። ባህላዊ ምግቦችን ለመመዝገብ ተብለው ከተዘጋጁትና እኔ ካነበብኋቸው የመመረቂያ ጽሑፎች አብዛኞቹ አንድ ቅርጽ ይከተላሉ፦ በላይ የግብዓት ዝርዝርና መጠን፣ በታች በተራ ቁጥር የተቀመጠ አሠራር። ይህ ቅርጽ ከየት እንደ መጣ፣ ለማንስ ታስቦ እንደ ተፈጠረ ሳይጠየቅ ብቸኛው የአጻጻፍ መንገድ እንደ ሆነ ይወሰዳል።

የዚህ አስተያየት ፍሬ ነገር አጭር ነው። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ስልት፣ ጸሐፊው «አንባቢዬ አስቀድሞ ምን ያውቃል?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው። እኛ የወረስነው የዝርዝር ስልት ወጥ ማቁላላትን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ይበቃ ይሆናል። ዛሬ መጽሐፍ የሚፈልገው አንባቢ ግን ያንን አያውቅም። ስለዚህ የቤት ምግባችንን ስንጽፍ ከመጠኑ ጎን ምልክቱን፣ ማለትም በዓይን የሚታየውን፣ በጆሮ የሚሰማውንና በአፍንጫ የሚሸተተውን መጻፍ ይገባናል።

አራት ስልቶች፣ አራት አንባቢዎች

በቀደሙት ዘመናት የአንድ ምግብ አሠራር በአንድ አንቀጽ ተጠቅልሎ ይጻፍ ነበር፤ ጽሑፉ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ እንጂ ለማያውቅ ትምህርት አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ኤሊዛ አክተን እ.ኤ.አ. በ1845 ባሳተመችው መጽሐፍ ከእያንዳንዱ አሠራር መጨረሻ ላይ የግብዓቶቹን መጠንና የማብሰያውን ጊዜ ለይታ አስቀመጠች። ኢዛቤላ ቢተን ደግሞ በ25 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1861፣ የቤት አስተዳደርን በሚመለከተው ታዋቂ መጽሐፏ ዝርዝሩን ወደ ላይ አወጣችው፤ የሚወስደውን ጊዜ፣ ወጪውንና ስንት ሰው እንደሚመግብም ጨመረችበት። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ አንባቢዋን ይገልጻታል። ቢተን የምትናገረው በቅድሚያ ቤት ለምታስተዳድርና ሠራተኛ ለምታዝ እመቤት ነው። ዝርዝሩ ከላይ መቀመጡ ከምድጃው ይልቅ ለገበያውና ለሒሳቡ ይመቻል።

ይህን ስልት ወደ ፍጻሜው ያደረሰችው አሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመር ናት። የቦስተን የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሳለች እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው መጽሐፍ ኩባያና ማንኪያ ከአፍ እስከ አፍ ሞልተው በቢላዋ ተስተካክለው እንዲለኩ አጥብቃ ጠየቀች። የዚህን ሥራ ክብደት አቅልሎ ማየት አይገባም። ልኬት ዕውቀትን ከባለ ሙያዋ እጅ አውጥቶ ኩባያ ላለው ሰው ሁሉ አደለ።

ሁለተኛው ስልት የትረካ ስልት ነው። ፔሌግሪኖ አርቱዚ የተባለው ጣሊያናዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1891 በፍሎረንስ መጽሐፉን ሲያሳትም 71ኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። መጀመሪያ 475 የነበሩት የምግብ ዓይነቶች እስከ 1911 በተከታታይ እትሞች ወደ 790 ደርሰዋል። አርቱዚ መጠን አይንቅም፤ ነገር ግን በጨዋታ፣ በማስጠንቀቂያና በገጠመኝ ይከበዋል። አገሩ የተዋሐደችው ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ነበርና የአንዱ ክፍለ አገር ሰው የሌላውን ምግብ አያውቅም። የማያውቁትን ምግብ ለማስረዳት ደግሞ መጠን ብቻውን አይበቃም፤ «ይህ ምን ዓይነት ምግብ ነው? መቼ ይበላል? ምን ሲመስል ደረሰ ይባላል?» ለሚሉት ሁሉ መልስ ያስፈልጋል። የስልቱ ድክመትም ግልጽ ነው፤ እጁ ሊጥ ውስጥ ያለ ሰው ከረጅም አንቀጽ መካከል የሚፈልገውን ቃል ማግኘት ይቸግረዋል።

ሦስተኛው የቅደም ተከተል ስልት ነው። ኧርማ ሮምባወር በሴንት ሉዊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1931 ያሳተመችው መጽሐፍ በ1936 እንደገና ሲዘጋጅ የግብዓት ዝርዝሩን ከሥራው ጋር አዋሐደችው። እያንዳንዱ ግብዓት ከነመጠኑ የሚጠቀሰው ድስቱ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ነው። አንባቢዋ ሠራተኛ የሌላት፣ ብቻዋን ከምድጃ ፊት የቆመች ሴት ናት። ለእርሷ ዋናው ጥያቄ «አሁን ምን ላድርግ?» የሚል ነው።

አራተኛው የመርሕ ስልት ነው። ሳሚን ኖስራት እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመችው መጽሐፍ የመጀመሪያውን አጋማሽ ለጨው፣ ለስብ፣ ለአሲድና ለሙቀት ማብራሪያ ያውላል፤ ዝርዝር አሠራሮች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢዋ ብዙ አሠራር የሰበሰበ፣ ነገር ግን በራሱ እጅ የማይተማመን ሰው ነው። ይህ ስልት ነፃ ያወጣል፤ ሆኖም «ቅመስና አስተካክል» የሚለው ምክር የሚጠቅመው ምግቡ ሲስተካከል ምን እንደሚመስል በምላሱ ለሚያውቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አርቱዚ፣ ፋርመርና ሮምባወር ሦስቱም የመጀመሪያ እትማቸውን ወጪ ከራሳቸው ኪስ ሸፍነዋል። ፋርመርም ሮምባወርም መጀመሪያ ያሳተሙት 3,000 ቅጂ ነበር። ምናልባት አንባቢያቸውን ከአሳታሚዎች ይልቅ በቅርብ ያውቁት ስለ ነበር ይሆናል። በእኔ ግምት አዲስ ስልት የሚወለደው አዲስ አንባቢ ሲወለድና አንድ ሰው ያንን አንባቢ አስቀድሞ ሲያየው ነው።

ሚዛን ይዤ የገባሁበት ማዕድ ቤት

ወደ እኛ ምግብ ልመለስ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ መረጃ በምሰበስብበት ወቅት አክስቴ ዶሮ ወጥ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ድስቱ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ በዲጂታል ሚዛን እመዝን ነበር። ይህን በሦስት የተለያዩ ቀናት ደጋገምሁት። በሦስቱም ቀናት የሽንኩርቱ ክብደት፣ የሚጨመረው ውኃና ሽንኩርቱ በእሳት ላይ የቆየበት ጊዜ ተለያየ። ወጡ ግን በመልክም በጣዕምም ያው ነበር። መጀመሪያ የመሰለኝ አክስቴ መጠን የማይጠብቁ መሆናቸው ነው።

«እቴቴ፣ ዛሬ ሽንኩርቱ ለምን በዛ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ የዛሬው ሽንኩርት ውኃ የቋጠረ ነው፤ ስታቁላላው ይጠፋል። ደግሞ እሱን መመዘን ትተህ ስማው፤ ውኃውን ሲጨርስ ድምፁ ይለወጣል» አሉኝ።

አክስቴ ይለካሉ። የሚለኩት ግን ወደ ድስቱ የሚገባውን ሳይሆን በድስቱ ውስጥ የሆነውን ነው። የእኔ ሚዛን የሽንኩርቱን ክብደት ይነግረኛል፤ በውስጡ ያለውን ውኃ ግን አይነግረኝም። የሐበሻ ሽንኩርትና ትልቁ የፈረንጅ ሽንኩርት በክብደት እኩል ቢሆኑ እንኳ በድስት ውስጥ እኩል አይሆኑም።

ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 በታተመው ሥራው በቃል ሙሉ በሙሉ የማይገለጽ ዕውቀት አድርጎ ተንትኖታል። ከዚያ ወዲህ «የእናቶች ሙያ አይጻፍም» የሚል አባባል ምሁራዊ ድጋፍ ያገኘ መስሎ ይታያል። የአክስቴ መልስ ግን ሌላ ነገር ይጠቁማል። በተገቢው ሰዓት ስጠይቃቸው ዕውቀታቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገሩኝ። ችግሩ ዕውቀቱ ቃል ያጣ መሆኑ አልነበረም፤ የያዝሁት ሠንጠረዥ ለዚያ ቃል ዓምድ አልነበረውም።

ልዩነቱን ለማሳየት አንዱን የሥራ ደረጃ በሦስት መንገድ ልጻፈው።

በዝርዝር ስልት፦ «ደቅቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት 2 ኪሎ፤ ለ45 ደቂቃ ይቁላላ።»

በቅደም ተከተል ስልት፦ «ድስቱን ጣዱ። ደቅቆ የተከተፈ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት ጨምራችሁ እያማሰላችሁ አቁላሉ። ከዚያ ዘይቱን፣ ቀጥሎም በርበሬውን ጨምሩ።»

ምልክትን በሚያካትት ስልት፦ «ደቅቆ የተከተፈ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ላይ አድርጋችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። በመጀመሪያ ውኃ ያወጣል፤ ይንተከተካል። ውኃው ሲያልቅ መንተክተኩ ይቆምና መንጨርጨር ይጀምራል፤ የድስቱም ታች መያዝ ይጀምራል። ዘይት የሚጨመረው ያን ጊዜ ነው። ይህ 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ሽንኩርቱ ውኃ የቋጠረ ከሆነ ግን ሊዘገይ ይችላል። በርበሬው ከገባ በኋላ ጉሮሮ የሚከነክን ሽታ ከመጣ እሳቱ በዝቷል፤ ጥቂት የሞቀ ውኃ ጠብ አድርጉበት።»

ሦስተኛው ጽሑፍ ረዝሟል። ነገር ግን ለማያውቅ አንባቢ ሊጠቅም የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። መጠኑንና ጊዜውን አልጣለም፤ ሁለቱንም ይዞ አንባቢው ሁኔታው ሲለወጥበት የሚመለከተውን ነገር ሰጠው።

ደቂቃ በራሱ ቋሚ አለመሆኑን ለመረዳት ደግሞ የአዲስ አበባን ከፍታ ማስታወስ ይበቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ መጽሐፍ ለባቄላ ወይም ለእንቁላል የመደበው ጊዜ እዚህ ያንሳል። የእንጀራ ሊጥም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ የክረምት ብርድና በድሬዳዋ ሙቀት እኩል ቀን አይፈልግም። «ለሦስት ቀን ይቡካ» የሚለው ትእዛዝ በአንዱ ከተማ ትክክል ሆኖ በሌላው ሊጡን ያኮመጥጠዋል። ከሊጡ በላይ ውኃው ሲያቅርና ሽታው ሲለወጥ ማየት ግን በሁለቱም ከተማ ይሠራል።

ዝርዝሩ የሚሰውረው ሥራ

የዝርዝር ስልት ሌላም ጉድለት አለው። ከዝርዝሩ በላይ ያለው ሥራ ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። «በርበሬ፣ 3 ጭልፋ» የሚል መስመር በርበሬው ከሱቅ የመጣ ያስመስለዋል። ከዚያ መስመር በስተጀርባ ግን ዛላው ይለቀማል፣ ይቀነጠሳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይወቀጣል፣ እንደገና ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከኮረሪማው፣ ከጥቁር አዝሙዱና ከሌላው ቅመም ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል። «ንጥር ቅቤ» የሚለውም እንዲሁ የራሱ ሙያ አለው፤ አብሹ፣ ኮሰረቱና እርዱ በመጠኑ ካልገቡ ወጡ ይለያል። «ዶሮ፣ 1» ሲባልም ዶሮውን በ12 ብልት መገነጣጠል ራሱን የቻለ ዕውቀት መሆኑ ይረሳል። ቆጮን የሚጠቀም ምግብ ሲጻፍ ደግሞ «ቆጮ፣ 1 ኪሎ» የሚለው መስመር እንሰቱን የመፋቁንና ለወራት የማብላላቱን ልፋት በሁለት ቃል ይዘጋዋል።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር በእንግሊዝኛ የታተሙ የኢትዮጵያ ምግብ መጻሕፍት ትምህርት ይሰጡናል። የዳንኤል ጆቴ መስፍን መጽሐፍም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የዮሐንስ ገብረየሱስ «ኢትዮጵያ» የተጻፉት በርበሬ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢም ጭምር በመሆኑ፣ መሠረታዊ ዝግጅቶቹን ከሥራቸው ጀምሮ ማስረዳት ግድ ይላቸዋል። ለራሳችን ሰው ስንጽፍ ግን «ይህንንማ ማን ያጣዋል?» እያልን እንዘለዋለን። ለባዕድ ያብራራነውን ለልጆቻችን ሳናብራራ ቀርተናል።

የሚጻፈውና የማይጻፈው ነገር ከማዕድ ቤት ያለፈ ውጤትም አለው። አርጁን አፓዱራይ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት በሕንድ የከተማ መካከለኛ መደብ ሴቶች የሚጽፏቸውና የሚያነቧቸው የምግብ መጻሕፍት የየክፍለ አገሩን ምግብ አሻግረው አገር አቀፍ የምግብ ባህል በመፍጠር ረገድ የነበራቸውን ድርሻ አሳይቷል። በእኛም ዘንድ በሠንጠረዥ ለመግባት የሚመቸው ምግብ «የኢትዮጵያ ምግብ» ሆኖ ሲታወቅ፣ አብዛኛው ሙያው ከዝርዝሩ በፊት የሚያልቀው ምግብ ወደ ዳር ሊገፋ ይችላል። ስልት ወገንተኛ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሥነ ምግብ ተመራማሪዎች የሚመጣ ነው። የአንድን ምግብ የንጥረ ነገር ይዘት ለማስላት፣ ለሆስፒታል ወይም ለተማሪዎች መመገቢያ በብዛት ለማዘጋጀት ግራም ያስፈልጋል፤ «ድምፁ ሲለወጥ» በሚል ሒሳብ አይሠራም። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ስለዚህም መጠኑ ይጣል አልልም። የምለው፣ ለቤተ ሙከራ የተዘጋጀ ሰነድና ለቤት ማዕድ የተዘጋጀ ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ አንባቢዎች አሏቸው፤ የመጀመሪያውን ጽፈን «ባህሉን መዘገብን» ማለት አንችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ በተቃራኒው ይቆማል። «ሙያ ከእናት ጉያ እንጂ ከመጽሐፍ አይገኝም» ይላል። በአባባሉ ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን ከእናቱ ጉያ የራቀውን ሰው ምን እንበለው? በኮንዶሚኒየም ተከራይታ የምትኖር ተማሪ፣ በቤሩት ወይም በዱባይ የምትሠራ ወጣት፣ በዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ ልጅ ሙያውን ከማን ይማሩ? ሽንኩርትና ቅቤ እንዲህ በተወደዱበት ዘመን በበዓል ዋዜማ የተበላሸ አንድ ድስት ወጥ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ይህ አባባል የእናቶችን ሙያ የሚያከብር ይመስላል፤ በተግባር ግን ሙያው ከእነርሱ ጋር እንዲያልፍ ይፈርዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ዛሬ ሁሉም በቪዲዮ ይታያል፤ መጽሐፍ ለምን?» የሚል ነው። ቪዲዮ መልክንና ድምፅን ማሳየቱ ትልቅ ብልጫ ነው። ይሁን እንጂ ሽታን አያሳይም፤ ጊዜንም ይቆርጣል፤ የ45 ደቂቃው ማቁላላት በ10 ሴኮንድ ያልፋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የተሳካውን ድስት ነው፤ የእኔ ድስት ለምን ከዚያ እንደ ተለየ አይነግረኝም።

ምን ይደረግ?

ከአራቱ ስልቶች አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ለቤት ምግባችን የሚስማማው የሮምባወርን ቅደም ተከተል፣ የፋርመርን ልኬትና የአርቱዚን ማብራሪያ ያቀናጀ ጽሑፍ ይመስለኛል። ባህላዊ ምግብን ለመመዝገብ የተነሣ ተመራማሪ አምስት ነገሮችን ቢያደርግ መልካም ነው።

አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ከመጠኑና ከጊዜው ጎን ምልክቱን ይጻፍ፤ ለዚህም ከሠንጠረዡ አንድ ዓምድ ይመደብ። ሁለተኛ፣ የግብዓቱ ዓይነት ይገለጽ፤ የትኛው ሽንኩርት፣ የየት አገር በርበሬ፣ ስንት ቀን የቦካ ሊጥ እንደ ሆነ ይነገር። ሦስተኛ፣ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤ፣ እርሾና የመሳሰሉት የራሳቸው ምዕራፍ ይኑራቸው። አራተኛ፣ ሲበላሽ ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚታረም ይጻፍ፤ ባለ ሙያዋ ይህን ካልተጠየቀች አትናገረውምና ጥያቄው ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ይቅረብ። ዕውቀቱን የሰጠችው ሴትም ፈቃዷ ከሆነ ስሟ ይጠቀስ፤ በጥናቶቻችን ውስጥ «መረጃ ሰጪ 4» ሆና መቅረቷ ለባለ ሙያ አይገባም።

አምስተኛ፣ ጽሑፉ ይፈተን። ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። ያንን ምግብ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ወረቀቱን ሰጥቶ፣ ማዕድ ቤቱ ጥግ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሠሪው ዞር ብሎ «ይህ በቃው?» ብሎ የጠየቀበት እያንዳንዱ ቦታ ከጽሑፉ የጎደለ ዐረፍተ ነገር ያለበት ነው።

እኔ ይህን ፈተና በጊዜው አላደረግሁም። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ያለው የዶሮ ወጥ ሠንጠረዥ ግራም በግራም የተሟላ ነው፤ ፈታኞቼም ያለ ብዙ ጥያቄ ተቀብለውታል። ስለ ሽንኩርቱ ድምፅ ግን አንድም ቃል የለበትም። አክስቴ ዛሬ በዕድሜ ምክንያት ማዕድ ቤት አይገቡም፤ ልጃቸው ለፋሲካ ወጥ ልትሠራ ስትነሣ የእኔን ጥናት አውጥታ አንብባ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን ትታ እናቷን ለመጠየቅ ሄደች። ለአሁኑ የሚጠየቅ ሰው ነበረ።